ለአስታማሚው የማይነገር

በድሬዳዋ የቃጠሎ ሆስፒታል በር ላይ ደማቅ ልብስ የሚያከራዩ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ደንበኞቻቸው ሐዘንተኞች ናቸው። ከል የለበሰ ሰው መጥቶ ጥቁሩን ያወልቅና አበባ ያለበት ሻርፕ ወይም ደማቅ ሸሚዝ ይከራያል፣ ፊቱን በውሃ ያብሳል፣ ከዚያ መስታወቱ ፊት ቆሞ ፈገግታውን ይሞክራል። ሴቶቹ ሥራው ሲለመድላቸው አስተያየት መስጠትም ጀምረዋል። «ይሄ በዛ፣ ሰርግ የምትሄጂ አስመሰለሽ» ይላሉ። ወይም ደግሞ «ዓይንሽ ገና ቀይ ነው፣ ትንሽ አረፍ በይ» ብለው ወንበር ይስባሉ።

ውባለም ሺበሺ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ እዚያ ቆማ ቢጫ ሻርፕ ትቀበላለች። አባቷ ከሞቱ ሦስተኛ ወራቸው ነው። አልጋ ላይ የተኛው ወንድሟ እንዳሻው ግን አባቱ መሞታቸውን አያውቅም።

ነገሩ ሲጀመር ክፋት አልነበረበትም። አባታቸው ሲያርፉ እንዳሻው አይሻ በረሃ ውስጥ የፀሐይ ኃይል የሚጠራቀምበት የባትሪ ጣቢያ ይሠራ ነበር። ኮንትራቱ እስኪያልቅ ከግቢው መውጣት አይችልም። ዘመድ በሌለበት፣ የሚደግፍ ሰው አጠገቡ ሳይኖር መርዶ እንዴት ይነገራል? ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረና በመስከረም ሲመለስ በወጉ ይረዳል ተባለ። እስከዚያው ሲደውል «አባባ ጠበል ገብቷል» ይሉታል። በዚያ ዘመን ስልክ የማይሠራበት ቦታ ቢኖር ጠበል ብቻ ስለነበር ውሸቱ ቀዳዳ አልነበረውም። ከዚያ ከባትሪዎቹ አንዱ ጋለ፣ አንዱ ሌላውን አቀጣጠለ፣ እንዳሻውም ጀርባውን፣ ሁለት ክንዱንና እግሮቹን ተቃጥሎ በሄሊኮፕተር ድሬዳዋ ገባ። መስከረምን ይጠብቅ የነበረው መርዶ አሁን «እስኪድን» ተብሎ ተዘዋወረ።

ድሮ ቢሆን ይህ ሁሉ ቀላል ነበር። ድሮ አስታማሚ ማለት አልጋው ሥር ምንጣፍ አንጥፎ የሚያድር ዘመድ ነው። አሁን ግን በዚህ ስም የሚጠራው ከአልጋው ራስጌ ላይ የተሰቀለ፣ አራት ክንድ ያለው፣ ግራጫ ነገር ነው። በሽተኛውን ያገላብጣል፣ ደሙን ይለካል፣ መድኃኒቱን ይመጥናል፣ ሾርባ ያጎርሳል፣ ሲያመው ያነጋግረዋል። ጨዋ ነው፤ ማንንም አንተ ብሎ አያውቅም። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት፤ አይዋሽም። ሕጉ ስለ በሽተኛው ለአስታማሚው ወይም ለሐኪሙ የተነገረ ነገር ሁሉ በማግስቱ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለራሱ ለበሽተኛው ይነበብለት ይላል። በሽተኛን «ምንም አልሆንክም፣ ደህና ነህ» እያሉ መሸኘት የለመደ አገር እንዲህ ያለ ሕግ ማውጣቱ ይገርማል። ያወጡት ሰዎች የበሽተኛ ዘመድን አሳምረው ሳያውቁ አልቀሩም።

ዘመድ ግን ለሕግ የሚሸነፍ ፍጥረት አይደለም። ከሆስፒታሉ ማዶ፣ ከጭማቂ ቤቱ ደጅ ያለው የኒም ዛፍ ሥር የእውነት መነጋገሪያ ሆነ። እዚያ ይለቀሳል፣ ይመከራል፣ ምን እንደሚባል ይወሰናል። ከዚያ ፊት ይታበስና ለአስታማሚው የሚነገረው ተይዞ ወደ ውስጥ ይገባል።

እንዳሻው በገባበት ቀን አስታማሚው የቤተሰቡን ታሪክ ሲጠይቅ መልስ የሰጡት የአባታቸው ታናሽ ወንድም ጋሽ ተካልኝ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ አንዴ የተናገሩትን የማይመልሱ።

«አባትየው በሕይወት አሉ?»

«አሉ። ጤነኛ ናቸው።»

«ከቅርብ ዘመድ በደም መርጋት የሞተ ወይም የታመመ ይኖራል?»

«የለም» አሉ ጋሽ ተካልኝ ፍርጥም ብለው።

ውባለም አጠገባቸው ቆማ ሰማች። አባቷን የገደላቸው እግራቸው ውስጥ የረጋ ደም ነው፤ ተነስቶ ሳንባቸው ውስጥ ገብቶ። የአባቷ እህትም ከብዙ ዓመት በፊት አራስ ቤት እንዳሉ በዚያው ሄደዋል። ውባለም ይህን እያወቀች ዝም አለች። ያን ዕለት ወንድሟ ከላይ እስከ ታች በፋሻ ተጠቅልሎ ያቃስት ስለነበር፣ የደም መርጋት ነገር የሩቅ ጉዳይ መሰላት። ማሽኑ ደግሞ የሟቹን መዝገብ ከፍቶ እንዳያረጋግጥ የአንዱ ምስጢር ለሌላው አይከፈትም የሚል ሌላ ሕግ አለበት።

የመጀመሪያው ሰሞን ሥጋቱ ተቃራኒ ነበር። የእንዳሻው ደም አልረጋ አለ። ቆዳ በተነሳለትና በተተከለለት ቦታ ሁሉ ይደማ ነበር፤ አንዱን ሲያቆሙት በሌላው ይመጣል። የሠፈር ሰው ተራ ይዞ ደም ሰጠ። ዶክተር ኢክራም የምትባለው የእንዳሻው ሐኪም፣ ወጣት፣ ንግግሯ ፈጠን ያለ፣ ቁጭ ብላ አስረዳቻቸው። «እሳት ቆዳ ብቻ አያቃጥልም» አለች። «ደምን የሚያረጋውንም የሚያቀጥነውንም አብሮ ያናጋዋል። አሁን አልረጋ ብሎናል። ሰንበት ሲል ደግሞ ያለ ቦታው እንዳይረጋ እንፈራለን።»

እንዳለችውም ሆነ። መድማቱ ቆመ፣ ቤተሰቡ እፎይ አለ፣ እሷ ግን ፊቷ አልተፈታም። የደም ማቅጠኛ ተጀመረ። ከበዛ የተተከለው ቆዳ ሥር ደም ገብቶ ያነሳዋል። ካነሰ ደሙ ይረጋል። አስታማሚው በየሰዓቱ እየለካ በዚያ በቀጭኑ መንገድ ላይ ይዞት ይሄድ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ውባለም ቢጫ ሻርፗን አጣፍታ ስትገባ ዶክተር ኢክራም ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት።

«ውባለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ደረቴ ላይ ያለው እንደሚሰማ ታውቂያለሽ» አለችና የሐኪም ምልክቷን በጣቷ ነካች።

«አውቃለሁ።»

«ክንዱ ላይ ደም ረግቷል። መድኃኒቱ በልኩ እየገባ ነው የረጋው፤ ያሳሰበኝ እሱ ነው። እንዲህ የሚሆነው አንድም ቃጠሎው ያጎደለበት ነገር አለ፣ አንድም ሲፈጠር ጀምሮ ይጎድለዋል። ደሙን ብመረምረው ሁለቱ አንድ ዓይነት ነው የሚመስሉት። የዘር ምርመራው አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ ደግሞ አልደርስበትም። የሚለይልኝ የቤተሰብ ታሪክ ነው።»

«ቢሆንስ? ከዘር ቢሆን?»

«የጎደለውን የሚተካ መድኃኒት አለ። ያለ ምክንያት ግን አስታማሚው አይለቅልኝም። አልፈርድበትም፤ ለማይገባው ሰው ብሰጠው መልሶ ይደማል።» ዓይን ዓይኗን አየቻት። «አባታችሁ ከጠበል መቼ ነው የሚመጡት?»

ውባለም የምትሠራው ሾፌር አልባ ሚኒባሶች በሚያሠማራ ድርጅት የይቅርታ ክፍል ውስጥ ነው። ሚኒባሱ ሳቢያን መሄድ ያለበትን ሰው ለገሃር ሲያራግፈው፣ ወይም አሮጊቷ ሳይወርዱ በሩን ሲዘጋ፣ የግድ ሰው ራሱ ደውሎ ይቅርታ መጠየቅ አለበት፤ ተሳፋሪ ከማሽን ይቅርታ አይቀበልም። ውባለም በዚህ የተመሰገነች ናት። ምንም ሳትናገር ብዙ ታወራለች፣ የተቆጣው ሰው አመስግኗት ይዘጋል። አሁንም ያ ድምፅ ራሱ አፏ ላይ መጣላት።

«ስለ ጥያቄሽ በጣም አመሰግናለሁ፣ ዶክተር። ሲመጡ ወዲያው አሳውቅሻለሁ» አለች። ወዲያው ራሷን ጠላች።

ክፍሉ ስትገባ እንዳሻው ቆሟል። አስታማሚው በሁለት ክንዱ ብብቱን ደግፎ ወደ መስኮቱ ያራምደዋል። አንድ እርምጃ በሄደ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል፣ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል፣ ግን አይቆምም። በዚያ ፎቅ ላይ ካሉት በሽተኞች ሁሉ ሳይታዘዝ የሚነሳው እሱ ብቻ ነበር።

«አቦ ቁጭ በል፣ ምን ያጣድፍሃል?» አለችው።

«አባባ ከጠበል ሲወጣ አልጋ ላይ እንዲያገኘኝ አልፈልግም። ይደነግጣል። ታውቂው የለ፣ ሲደነግጥ ዝም ነው የሚለው።» መስኮቱን በፋሻው ነካና ተመለሰ። «መቃጠሌንማ አልነገራችሁትም አይደል?»

«አልነገርነውም።»

«ጎበዝ። ቆሜ ይየኝና ከዚያ እንነግረዋለን።»

ውባለም ወደ መስኮቱ ዞረች። ይህ ልጅ በየቀኑ የሚነሳው ለአባቱ ብሎ ነው። አባቱን ከወሰዱበት በምን ይነሳል? ካልወሰዱበት ደግሞ ደሙ አያስነሳውም። እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ የከተተቻቸውን ያቺን «የለም» የምትል አንዲት ቃል ረገመቻት።

ጋሽ ተካልኝ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው የማንጎ ጭማቂ ይዘዋል፤ አልቀመሱትም። ውባለም ሐኪሟ ያለችውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ሰምተው ጨረሱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይሆንም» አሉ። «ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም። ሰው በመርዶ ይሞታል፣ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«በደምም ይሞታል ጋሼ። እሱንም በዓይናችን አይተናል።»

ወንድማቸውን ከወደቁበት ግቢ ያነሱት እሳቸው ናቸው።

«የዋሸሁት እኔ ነኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ኃጢአቱም በኔ ነው። አንቺ አትግቢበት። እግዜር እውነቱን ያውቃል።»

«እግዜር ያውቃል፣ ዶክተሯ ግን አታውቅም።»

«እና አባቱን ከማሽን አፍ ይስማ ነው የምትይው? ማንም ሳይዘው፣ ማንም አብሮት ሳያለቅስ? ጠላት እንኳ እንዲህ አይረዳም። ወንድሜ ለልጁ ይህን ይወድ ነበር?»

«አይሰማም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እኔ እነግረዋለሁ።»

«ሐሞቱ ቢፈስስስ? እጁን ቢሰጥስ?»

እውነቱን ለመናገር እሷንም የሚያስፈራት ይኸው ነበር። «ተናዶ ይኑርልኝ» አለች በመጨረሻ። «ቢፈልግ ዕድሜ ልኩን አያነጋግረኝ። በሕይወት ኖሮ ይኩረፈኝ።»

ጋሽ ተካልኝ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጡና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። እሺ አላሉም። እሷም ፈቃድ አልጠበቀችም፤ መንገዱን አቋርጣ ገባች። በልብስ አከራዮቹ በኩል ስታልፍ ቢጫውን ሻርፕ አውልቃ መለሰችላቸው።

ዶክተር ኢክራምን ደረጃው ላይ አገኘቻት። የይቅርታ ክፍሉ ድምፅ እንዳይመጣባት ፈራችና ቶሎ ተናገረች።

«አባታችን ሞቷል። ጠበል አይደለም ያለው። እግሩ ውስጥ የረጋ ደም ሳንባው ገብቶ ነው የሞተው። እህቱም አራስ ሆና በዚያው ነው የሞተችው። ዋሽተናችኋል።»

በዚያ ግቢ ውስጥ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ዶክተሯ አልተቆጣችም። እንዲህ ያለ ብዙ ቤተሰብ አይታለች። ዝቅ ብላ ትከሻዋን ያዘቻት፣ «አላህ ይማራቸው» አለች፣ ከዚያ ተነስታ እየተጣደፈች ሄደች። ፀሐይ ሳትጠልቅ አዲሱ መድኃኒት በእንዳሻው ደም ሥር መግባት ጀመረ። እሱም «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አስታማሚው «ነገ ማለዳ ምክንያቱን አነብልዎታለሁ» ብሎ መለሰለት።

«ንባቡን ማስቀረት አልችልም» አለች ዶክተር ኢክራም ስትሸኛት። «ከዚያ በፊት ግን በሩን ራሴ እከፍትልሻለሁ።»

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ውባለም ከል ለብሳ መጣች። ልብስ አከራዮቹ ገና አልመጡም። በሩ ላይ ጋሽ ተካልኝ ቆመዋል፤ ብቻቸውን አይደሉም። ከኋላቸው የሠፈሩ ሽማግሌዎች፣ ሁለት የእናቷ ዘመዶች፣ ደም የሰጡት ጎረቤቶች፣ ሁሉም ጥቁር በጥቁር ሆነው ተሰልፈዋል። ከመሃላቸው አንድም ሰው ወደ ውስጥ እንደማይገባ ያውቃሉ፤ የቃጠሎ ክፍል ከአንድ ጠያቂ በላይ አይቀበልም።

«መርዶ በአንድ ሰው አይነገርም» አሉ ጋሽ ተካልኝ ሳያይዋት። «እኛ ከመስኮቱ በታች እንሆናለን። ንገሪው።»

እንዳሻው ነቅቶ ነበር። በሩ ሲከፈት ፈገግ ሊል ጀመረ፣ ከዚያ ጥቁሩን አየ። ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ዓይኑ ከራሷ እስከ እግሯ ወርዶ ተመለሰ።

«ማን?» አለ።

«አባባ።»

ደረቱን ሊመታ እጁን ለማንሳት ሞከረ። እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ክንዱም ከአልጋው ከፍ አላለለትም። አፉን ከፈተ፣ ጀርባው ላይ የተተከለው ቆዳ አንገቱን ሳበው፣ ለቅሶው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ውባለም ልትይዘው ፈለገች፤ የምትይዘው ያልተቃጠለ ቦታ አጣች። በመጨረሻ መዳፏን ግንባሩ ላይ አደረገችና እንደዚያው ሆነው አለቀሱ። ከታች፣ ከመስኮቱ ሥር፣ የሰዎቹ ለቅሶ ተሰማ።

«መቼ?»

«ሦስተኛ ወሩ ነው።»

«ጠበል አላችሁኝ።»

«ዋሸንህ።»

«ሁላችሁም? ጋሼም?»

«ሁላችንም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ውባለም የይቅርታ ቃል አልፈለገችም፤ በየቀኑ ስትሸጠው የምትውለው ዕቃ እዚህ ዋጋ አልነበረውም። ቆማ ጠበቀች። አንዴ ከመድኃኒቱ ቱቦዎች አንዱን ሊነቅል የፈለገ መስሏት እጇን ዘረጋች፤ እሱ ግን ፊቱን በትራሱ ሊያብስ ነበር። አበሰችለት። አልከለከላትም።

«በምን ሞተ?» አለ ወደ ግድግዳው እንዳየ።

«ከአዲስ አበባ በባቡር ሲመለስ እግሩ አብጦ ነበር። ሲወርድ ባቱን ይዞ አየሁት። ‹ምን ሆንክ?› ስለው ‹ምንም፣ ድካም ነው› አለኝ። ለካ ሌሊቱን ሙሉ ሲያመው አድሯል፤ እኛ እንዳንጨነቅ ደብቆን። በማግስቱ ግቢ ውስጥ ሲወድቅ የረጋው ደም ሳንባው ገብቶ ነበር። አንድ ቃል ቢነግረን ኖሮ…»

እንዳሻው ከግድግዳው ዞረ። ለቅሶው ቆሞ ነበር። መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ አንሶላው ሥር ያለውን እግሩን ለረጅም ጊዜ አየ። እግሩ ከጉልበቱ በታች በፋሻ ተጠቅልሎ አብጧል። ከተቃጠለ ጀምሮ ያበጠ እግር ስለሆነ በእብጠቱ ማንም አይደነቅም።

ራስጌው ላይ ብርሃን በራ። «አቶ እንዳሻው፣ እንደምን አደሩ» አለ አስታማሚው። «አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ትናንት ስለ እርስዎ የተነገረውን አነባለሁ። የቤተሰብ ታሪክ ተስተካክሏል። አባት፦ በሕይወት የሉም። የሞት ምክንያት…»

«ሰምቻለሁ» አለ እንዳሻው። «ከእህቴ ሰምቻለሁ።»

«ልቀጥል?»

«ቆይ። አንተ ይልቅ መዝግብ። የቀኝ ባቴን ያመኛል።»

ውባለም አንሶላውን ከእግሩ ላይ ገለጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ አስታማሚው።

«ከትናንት ወዲያ። ከአልጋ እንዳልወርድ እንዳትከለክሉኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እሷም እንዳትጨነቅ።»

«ሕመሙ ከአንድ እስከ አሥር ስንት ይሆናል?»

በየማለዳው ይህ ጥያቄ ይቀርብለት ነበር፣ በየማለዳውም መልሱ «ሁለት» ነበር።

«ስምንት» አለ። «ትናንትም ስምንት ነበር።»

አስታማሚው ሐኪም ጠራ። ዶክተር ኢክራም እየሮጠች ገባች፣ ሰላምታም አልሰጠች፣ ጉልበቱ ሥር ያለውን ፋሻ ቆርጣ መመርመሪያውን ባቱ ላይ አሳረፈች። ከታች ለቅሶው አልቆመም። እሷ ግን ትንፋሿን ይዛ ባቱን፣ ጉልበቱን፣ ጭኑን በቀስታ ፈተሸችና ቀና አለች። ደሙ ረግቷል። ገና ከጉልበቱ አላለፈም።